ዘጠኙ ባለ ርግብ ሲዲዎች

አሰላ ውስጥ ስለ ነፃ ሶፍትዌር የሚያወራ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማወራው ከራሴ ጋር ነበር። የምሠራው በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ጥገና ይባል እንጂ ሥራዬ በፍላሽ የመጣ ቫይረስ ማጽዳት ነው፤ ያጸዳሁለት ሰው በማግሥቱ ያንኑ ፍላሽ መልሶ ይሰካዋል። ፍላሽ በእኛ ከተማ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ከፎቶ ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ባጃጅ ሙዚቃ ማጫወቻ ይዞራል፤ በደረሰበት ሁሉ አንድ ነገር ለቃቅሞ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ጋሪ ስጠብቅ ያለፈኝ ሰው ነኝ።

ስለዚህ ልቤ ወደ ሊኑክስ ሸፈተ። ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚነሳበት ዋናው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ይገዛል፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ይሰረቃል። ሊኑክስ ግን ዩኒክስ ከሚባል የድሮ ቤተሰብ የመጣ ነው፤ ወስደህ፣ አባዝተህ ለጎረቤትህ ብትሰጠው የሚጠይቅህ የለም። ያ በፍላሽ የሚዞር ቫይረስም እዚያ ሲደርስ ግራ ተጋብቶ ይቀመጣል። ከዋናው ጋር የሚሄዱ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፕሮግራሞች አሉ፤ የጽሕፈት፣ የሥዕል፣ የኬሚስትሪ፣ ሰማዩን ከነከዋክብቱ የሚያሳይ ሁሉ። ችግሩ ይህ ሁሉ ያለው ኢንተርኔት ላይ መሆኑ ነው፤ ከአሰላ ወጣ ካሉ ኢንተርኔት አለ የሚባለው ለወጉ ያህል ነው።

እኔም ሁሉንም ሰብስቤ ሲዲ ላይ ለማድረግ ተነሳሁ። በትክክል ዲቪዲ ነው የሚባለው፤ ሲዲ የማይለው ሰው ግን አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ተሸንፌአለሁ። «በዚህ ዘመን ሲዲ?» እያሉ የሳቁብኝ ብዙ ናቸው። አንዴ የተጻፈበት ሲዲ ላይ ቫይረስ አይገባም፤ በየገጠር ትምህርት ቤቱ ያሉት አሮጌ ማሽኖች ደግሞ ከፍላሽ መነሳት አያውቁም። ይህንን ሳስረዳ የሚሰማኝ ሰው እስከማገኝ ድረስ ሁለት ዓመት አልፏል።

የሰማችኝ የድሮ የክፍሌ ልጅ ናት፤ አሁን ጢቾ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። ለስብሰባ አሰላ መጥታ ቢሮዬ ገባችና ከሰላምታ በፊት ወንበር ሳበች።

«አሥራ አራት ኮምፒውተር አለኝ። አሥራ አራቱም ሞተዋል» አለችኝ።

«ቫይረስ ነው?»

«ቫይረስ ነው፣ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ዳይሬክተሩ ምን አለኝ መሰለህ? ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ከወረዳ ሰዎች ይመጣሉ። እስከዚያ ካልተነሱ ክፍሉን የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ አደርገዋለሁ፣ አንቺም ስፖርት ታስተምሪያለሽ አለኝ። ማሎ፣ እባክህ፣ እኔ ስሮጥ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

አይቻት አላውቅም። የአርሲ ሰው ሁሉ ሯጭ ነው የሚለውን ወሬ ብቻዋን የምታፈርስ ሴት ናት። ኮሌጅ ሳለን ባስ ሲያመልጠን እኛ እንሮጣለን፤ እሷ ቆማ እጇን ታወጣለች።

«ተማሪዎቼ ዳገት ወጥተው፣ ዳገት ወርደው ነው የሚመጡት» አለች። «ፊሽካ ይዤ ምን ላስተምራቸው ነው? ይልቅ እዚያ ክፍል ውስጥ ጣታቸው ፊደል ሲለምድ አያለሁ። ያ ክፍል ከተወሰደ እኔ ጢቾ ውስጥ ምንም የለኝም።» ይህንን ስትል ድምፅዋ ወርዶ ነበር።

«ሊኑክስ እሰጥሻለሁ» አልኳት።

«እንዲነሱና እንዲጽፉ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ለመነሳትና ለመጻፍ አንድ ሲዲ ይበቃል። እኔ ግን ለዓመታት የታፈነ ሕልም ነበረኝና ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ሙሉውን ስብስብ እሰጣታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት የምሳ ሰዓትና እሑድ አልነበረኝም። ሰው ሲወጣ እኔ ኢንተርኔቱን ለብቻዬ ይዤ አወርዳለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኮሌጃችን እንቁላል ግን መንገድ መሃል ተቀምጦ ያርፍ ነበር። ዘጠና በመቶ ሲደርስ መብራት ይሄዳል፤ መብራት ሲመጣ ኔትወርኩ ይሄዳል። የከተማችን የብቅል ፋብሪካ ሽታ በመስኮት እየገባ፣ የወረደውን ያህል የምታሳየውን ሰማያዊ መስመር አፍጥጬ እያየሁ የዋልኩባቸውን እሑዶች ሳስብ፣ ሚስት አለማግባቴ ለአንዲት ሴት የተደረገ ውለታ ይመስለኛል።

ባዶ ሲዲ ፍለጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። በመጨረሻ አንድ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳ ሰው ዘንድ ዘጠኝ ተገኘ። ሙሽራ ሁሉ በፍላሽ ስጠኝ ስለሚለው ከካርቶን የተረፉ ናቸው። ፊታቸው ላይ የተጠላለፉ ሁለት ቀለበቶች፣ ሁለት ነጭ ርግቦችና «መልካም ጋብቻ» የሚል ታትሞባቸዋል። አማራጭ አልነበረኝም። በርግቦቹ መካከል በማርከር እየጻፍኩ ሄድኩ፤ «አንድ፣ ማስነሻና ጽሕፈት»፤ «ሁለት፣ ሒሳብ»፤ «ሰባት፣ ሰማይና ከዋክብት»። ሲዲው እየተጻፈ መብራት ከሄደ ሲዲው ሞተ ማለት ነው፤ ምትክም የለም። ዘጠኙም አንድ ሳይበላሽ ሲወጡ ለምን እንደሆነ እንጃ ዐይኔ እንባ አቀረረ። በዚያው ቀን ሬጅስትራር ለተማሪዎች ፎቶ ቦታ አጣሁ ብሎ ጮኸ፤ እኔም «ሲዲ ላይ አለኝ» ብዬ ያወረድኩትን በሙሉ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ዓርብ ጠዋት ሲዲዎቹን ይዤ ወደ ንብረት ክፍል ወረድኩ። ከኮሌጁ በር ዕቃ ይዞ ለመውጣት የመውጫ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚጽፉት ደግሞ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ናቸው። ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ መውጣት አያቅተኝም ነበር። ግን ማንም ለማንም እንዲሰጠው የተፈቀደ ነገር እንደ ሌባ ደብቄ ካወጣሁ ነፃነቱ ምኑ ላይ ነው ብዬ ኮራሁ።

«ምንድን ነው?» አሉኝ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

«ሲዲ ነው ጋሼ። ለጢቾ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሶፍትዌር።»

«ገቢ ሆኗል?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«በምን ሠራኸው?»

«በኮሌጁ ኮምፒውተር።»

«እንግዲያው የኮሌጁ ነው። ያልገባ ዕቃ ደግሞ አይወጣም። መጀመሪያ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ ይሆናል፣ ከዚያ በሞዴል ሃያ ሁለት ወጪ ይሆናል።»

ስለ ነፃ ሶፍትዌር ላስረዳቸው ሞከርኩ። ይህ ዕቃ እንደ ወንበር አይደለም፤ አባዝተው ቢሰጡት እኛ ዘንድ ያለው አይጎድልም አልኳቸው። ብዙ አሰቡ።

«ካልጎደለ አልሰጠህም ማለት ነው» አሉኝ። «ያልተሰጠ ነገር ደግሞ መውጫ አያስፈልገውም። አሁን ትሰጣለህ ወይስ አትሰጥም?»

«እሰጣለሁ።»

«እንግዲያው ይጎድላል። ተረካቢው ማነው?»

የጓደኛዬን ስም ነገርኳቸው። ትፈርምበታለች፣ ትምህርት ቤቱም ማኅተም ያደርግበታል፣ አንዱ ቅጂ ይመለሳል አሉና ሲዲዎቹን ተቀብለው ከሰዓት ተመለስ ብለው አሰናበቱኝ።

ከሰዓት ስመለስ ዕቃው በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ መገጣጠሚያው ላይ ማኅተም ተመትቶበት ጠበቀኝ። የመውጫ ወረቀቱ፣ ያ ሞዴል ሃያ ሁለት፣ «ባለ ርግብ ሲዲ፣ 9 ፍሬ፣ ለጢቾ ኮምፒውተር ክፍል አገልግሎት ብቻ፣ በትውስት፣ ሥራው ሲያልቅ ተመላሽ» ይላል። «እንዳትፈታው፤ ከፈታኸው ዘበኛው አያሳልፍህም» አሉኝ። አልፈታሁትም። ዘበኛው ወረቀቱን አንብቦ «ባለ ርግብ?» አለና እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጨበጠኝ።

ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሳጉሬ ላይ የጢቾው መኪና እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን፤ ገበያ ስለነበር ሰው ይሞላል፣ ገብስ ሲጫን ሰው ይወርዳል፣ እንደገና ይሞላል። ጥቅሉን ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም። ጢቾ ስደርስ ጓደኛዬ የኮምፒውተር ክፍሉን ጠርጋ፣ የመስኮቱን መጋረጃ አጥባ ቆየችኝ። ሲባጎውን እሷ ራሷ በምላጭ ቆረጠች።

የመጀመሪያውን ሲዲ ገልብጬ ሳየው ለጊዜው ምን እንደማይ አልገባኝም። በአንጸባራቂው ፊት ላይ፣ ያ ሁሉ የተጻፈበት ፊት ላይ፣ ክብ ወይን ጠጅ ማኅተም ተመትቷል። በማኅተሙ ላይ ደግሞ ፊርማ አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ዘጠኙም። ጋሼ ንብረቱን በወጉ መዝግበዋል፤ ማኅተም ደግሞ ንጹሕ ቦታ ይፈልጋል፣ በወዲያኛው በኩል ያለውን ቦታ ደግሞ ርግቦቹና የእኔ ማርከር ይዘውታል። እስክሪብቶ ፕላስቲክ ላይ አልጽፍ ሲላቸው ጫን ብለዋል። ፊርማው በቀለም ሳይሆን በጭረት ነው የተጻፈው።

የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ጓደኛዬ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ትዘምራለች፤ እስክጨርስ ድረስ ወደ ግድግዳው ዞራ ጠበቀችኝ።

«ቅጂ አለህ አይደል?» አለችኝ ከዚያ።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ዋቃዮ ኮ፣ አምላኬ» አለችና ተቀመጠች። ሰኞ ከነገ ወዲያ ነው።

በውሃና በሳሙና ሞከርን፤ ማኅተሙ ፍንክች አላለም። የማኅተም ቀለም የሚለቀው በአልኮል እንደሆነ አውቃለሁ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ውስጥ ግን ባዶ ጠርሙስና አንድ ፋሻ ብቻ ነው ያለው። ቀስ ብዬ፣ ሌላው መፍትሔ አረቄ ነው አልኳት። እኔው ልግዛ ብዬ ብነሳ ከለከለችኝ።

«አንተ እንግዳ ስለሆንክ ውሃ የበዛበትን ነው የሚሸጡልህ። ጠንካራውን የምታወጣው የተማሪዬ እናት ናት። እኔ እሄዳለሁ።»

በቅዳሜ ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የኳየሯ ሶሎ ዘማሪ አረቄ ቤት ገብታ ጠርሙስ ይዛ ወጣች። በደብተር ሸፍናው ነበር፤ በመንገዷ ላይ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሰው ሰላም ብሏታል። አንደኛው የቤተ ክርስቲያኑ መሪ ሽማግሌ ናቸው አለችኝ። ክፍሉ ለእሷ ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አረቄው ማኅተሙን አነሳው። ፊርማውን ግን ምን ያነሳዋል? በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ጭረቱን ቀስ እያልኩ ከመሃል ወደ ዳር አሸሁ፤ ይህ የሲዲ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ ነው፣ አንዳንዴ ይሠራል። እስኪመሽ ድረስ አሸሁ። እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔ ማሸቴን ቀጠልኩ። በምሳ ሰዓት ፊቷ ቀልቶ ተመለሰች።

«አጠገቤ የምትዘምረው ልጅ መዝሙሩን በሙሉ ፊቷን ወደዚያ አዙራ ነው የጨረሰችው» አለች። «እጄን አሥር ጊዜ ታጥቤአለሁ፤ የአረቄው ሽታ ግን አልለቀቀኝም። አቦ፣ አሁን ካልሠራ ጋሼህን ራሴ መጥቼ አገኛቸዋለሁ።»

አንደኛውን ሲዲ በየማሽኑ ሞከርን። ማሽኖቹ ያንገራግራሉ፣ ያፏጫሉ፣ ይተፉታል። በመጨረሻ ጥግ ያለ፣ ፊቱ ቢጫ የሆነ አሮጌ ማሽን ዋጠው። ብዙ አጓራ፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። ጓደኛዬ እጄን ጨምድዳ ያዘችው። የሌሎቹ ማሽኖች ማንበቢያ ስለማይረባ የቢጫውን ማንበቢያ ነቅለን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞርን እየሰካን፣ አንድ በአንድ ጫንንባቸው። ጀንበር ስትጠልቅ አሥራ ሁለቱ ተነሥተው ነበር። ሁለቱ ሲዲ ሳይሆን መቃብር የሚፈልጉ ናቸው።

ሌሎቹን ስምንት ሲዲዎችም ሞከርኳቸው። አንዱም አላነበበም። ኬሚስትሪው፣ ሥዕሉ፣ ከዋክብቱ፣ ሦስት ሳምንት የለቀምኩት ሁሉ ጠፋ።

«አንዱ ይበቃል አላልኩህም?» አለችኝ፤ ለማጽናናት ነው። አልተጽናናሁም። እሷ እየሳቀች እኔ የጠፉትን ስምንቱን እየቆጠርኩ ነው ክፍሉን የዘጋነው፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ከወረዳ የመጡ ሁለት እንግዶች ይዞ ገባ። አንደኛዋ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፤ ሌላኛው ማስታወሻ ይይዛል። አሥራ ሁለቱ ስክሪን በርቷል፣ ተማሪዎች ገሚሱ በአማርኛ፣ ገሚሱ በኦሮምኛ ይጽፋሉ። ሴትዮዋ ከአንዲት ልጅ ኋላ ቆመው ስማቸውን አስጻፉና ደስ አላቸው። ዳይሬክተሩም ደስ አለው፤ ደስታው ግን ወዲያው ወደ አስተዳደር ተለወጠ።

«እንግዲህ ክፍሉ ከተነሳ ማንም ሊጠብቀው ይችላል» አለ። «ቁልፉን ጸሐፊዬ ትያዝ። መምህርት ደግሞ ስፖርቱን ትረዳናለች፣ እዚያ ሰው የለንም።»

ደሜ ፈላ። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ጓደኛዬ ክንዴን ነካችኝ። ከደብተሯ ውስጥ የጋሼን ሞዴል ሃያ ሁለት ከነቅጂዎቹ አወጣች፤ ጠዋት ፈርማበታለች።

«ይሁን ዳይሬክተር። መጀመሪያ ይቺን ማኅተም ይምቱልኝ፤ አሰላ ይመለሳል ተብሏል፣ ይሄ ወንድሜ ሊሄድ ነው።»

ዳይሬክተሩ ማኅተሙን በኮቱ ኪስ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። የሌላ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ እጁ ሳያነብ ሄደ። እፍ አለና ቅጂዎቹን ሁሉ መታ። ከዚያ ዐይኑ ከደብተሯ ጋር በያዘችው አንደኛው ሲዲ ላይ አረፈ፤ ማኅተሙን እንደያዘ እጁን ዘረጋ።

«እሱ ተመትቷል» አለችና ሲዲውን ወደ ደረቷ ሳበችው።

ወረቀቱን አጥፋ ከያዘች በኋላ ነው ቀስ ብላ የተናገረችው። «እንግዲህ ዘጠኝ ሲዲ በፊርማዬ ተረክቤአለሁ፤ ለዚህ ክፍል ብቻ ይላል። ወደ ስፖርት ብሄድና ቢጠፋ የሚጠየቀው ማነው?»

ዳይሬክተሩ ወደ እንግዶቹ ዞረ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ንብረት በእጁ ያለ ሰው ሳያስረክብ ከቦታው አይነሳም። ክሊራንስ እንዴት ያገኛል?»

«ለአሰላ ይመለስላቸዋ» አለ ዳይሬክተሩ።

«መመለሻው መቼ ነው ይላል እዚህ? ‹ሥራው ሲያልቅ›።» ሴትዮዋ ልጆቹን አዩ፤ አሥራ ሁለቱ ኪቦርድ ይንጫጫል። «ገና ነው መሰለኝ።»

ዳይሬክተሩ ማኅተሙን ኪሱ ከተተ። ቁልፉም ከእሷ ዘንድ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ ስረግማቸው የነበሩትን ሽማግሌ በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ በአፌ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም፣ ሲዲዎቹ ምን እንደሆኑም አልነገርኳቸውም።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ የንብረት ቆጠራ ሲደርስ ይጠሩኛል።

«ያቺ የጢቾ ልጅ ዘጠኙን ሲዲ መለሰች?»

«አልመለሰችም ጋሼ።»

ራሳቸውን ይነቀንቁና ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልኩባታል፤ ቁጥር ያለው፣ ማኅተም ያለው፣ ንብረቱ በእጇ መሆኑን የሚገልጽ፣ ግልባጩ ለዳይሬክተሩ። እሷ ደብዳቤዎቹን በፋይል ታስቀምጣቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዳይሬክተር ተቀይሯል፤ አዲስ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምታሳየው ፋይሉን ነው። ጋሼ ታይፕ ማድረግ አይችሉም። ደብዳቤውን የምጽፍላቸው እኔ ነኝ።